የማይጮኽ ስፒከር

አገርነሽ በር ኋላ ቆማ አይደለም የሰማችው። ይህን አጥብቃ ትናገራለች። በር ኋላ ቆማ የምትሰማው ማታ ማታ ነው፤ ያን ዕለት ጠዋት ግን አልጋዋን እያነጠፈች ሳለ፣ ፈልጋው ሳይሆን፣ የልጇ ባል ድምፅ ግድግዳውን አልፎ መጣባት። «እንዲህ ሆኖማ አይቀጥልም። ዛሬ ለሁለተኛው ክፍል ስፒከር እገዛለሁ» አለ ዱባለ። ወዲያው የውሃ ማፍያው መንጫጫት ጀመረና ቀሪውን ዋጠው። ማፍያው ጸጥ ሲል ልጇ ፀደንያ አንድ ነገር ትመልሳለች ብላ፣ ትራሱን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ጠበቀች። ፀደንያ ምንም አላለችም። የጫማ ኮቴ፣ የቁልፍ ቅጭልታ፣ የውጭው በር፤ ሁለቱም ወደየሥራቸው ሄዱ። አገርነሽን የከነከናት የሰውየው ንግግር ሳይሆን የልጇ ዝምታ ነው። ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት ልጅ፣ አለች በሆዷ፣ «እናቴስ?» ማለት አቃታት። ሁለተኛው ክፍል ማለት እኮ እሷ ከልጅ ልጇ ከበእምነት ጋር የምትተኛበት ነው። ሌላ ሁለተኛ ክፍል በዚያ ቤት የለም።

ሰው ቢጠይቃት ከዱባለ ጋር ተጣልታ አታውቅም። መጣላት መነጋገር ይፈልጋል። እሷ ባደገችበት ቤት አማትና አማች በስም አይጠራሩም፣ አንድ ገበታ ላይ አይቀርቡም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ መከባበር ማለት ያ ነው። በእምነት ስትወለድ ልጇን ልታርስ ከትውልድ ከተማዋ ከተበላ ወደ ሶዶ መጣች። አራሷ ተነሣች፣ ሕፃኗ ዳዴ አለች፣ ሮጠች፣ ትምህርት ቤት ገባች፤ አገርነሽ ግን አልተመለሰችም። ይህን ሁሉ ጊዜ ከአማቿ ጋር የተለዋወጠችው «እንደምን አደሩ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ እሱንም ሁለቱም ወለሉን እያዩ። ዱባለ ከዞኑ ቢሮ ሲመለስ በር ላይ ቆም ብሎ ያስላል፤ እሷም ሳሉን ስትሰማ ነጠላዋን ሰብስባ ክፍሏ ትገባለች። ወጡ ጨው ቢበዛበት ለፀደንያ ይነገራል፣ ፀደንያ ለእናቷ ታደርሳለች። አንድ ጊዜ ፀደንያ ለሥልጠና ሀዋሳ ስትሄድ ሁለቱ በበእምነት በኩል ነው የኖሩት፤ ልጅቷ ያኔ አፏን ገና ስላልፈታች «አባ» እና «እማማ» ከማለት በቀር የምታደርሰው መልእክት አልነበራትም።

ታዲያ መከባበሩ ያልከለከለው አንድ ነገር ነበር፤ ጆሮ። ማታ ሳሎን ውስጥ ተከታታይ ድራማ ይታያል። አገርነሽ ክፍሏ ትገባለች፣ መብራቱን ታጠፋለች፣ በሩ ኋላ ትቆማለች። የአንዱንም ተዋናይ ፊት አይታ አታውቅም፤ ሁሉንም በድምፃቸው ለይታ ታውቃቸዋለች። ድምፀ ለስላሳዋ የተበደለችው ሚስት ናት፤ ጎርናናዋ ደግሞ ትዳር የምታፈርሰው ክፉ ሴት። ለለስላሳዋ ስትጸልይላት ኖራለች፣ አንዳንዴ ከራሷ ልጆች አስቀድማ። ወንበር አስገብታ ቁጭ ብላ መስማት ትችል ነበር፤ ነገር ግን ወንበር ያስገባ ሰው እያዳመጠ ነው፣ የቆመ ሰው ግን በዚያ ሲያልፍ ሰምቶ ነው የሚባለው። ለዚህ ብላ ጉልበቷን ገደለችው። ሰሞኑን ዱባለ ድራማው ሲጀምር የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። መጀመሪያ ተመስገን አለች። ኋላ ግን አዲስ ሐሳብ ገባት፤ አገርነሽ ዘንድ ሐሳብ ሲገባ አያንኳኳም። አውቆብኛል አለች። «በይ እንግዲህ ስሚ» እያለኝ ነው። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ስፒከር።

በሰፈሩ አንድ አከራይ ነበሩ። ተከራያቸው አልወጣም ሲላቸው ትልቅ ስፒከር አምጥተው፣ ፊቱን ወደ ተከራዩ ግድግዳ አዙረው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ለቀቁበት። ሰውየው ሰነበተ አይባልም፤ ፍራሹን ጋሪ ላይ ጭኖ ወጣ። አገርነሽ ያንን ታሪክና የዛሬውን ወሬ ለማገናኘት ጊዜ አልፈጀባትም። ነገር በማገናኘት የሚያህላት የለም፤ የተገናኘው ነገር እውነት ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ግን አይታወሳትም። እንግዲህ ስፒከሩ የሚጮኽ ከሆነ ተበላ፣ ልጇ ሀብተሚካኤል ዘንድ ትገባለች። ሀብተሚካኤል ደግ ነው፤ ሚስቱም አትከፋም። ግን እዚያ በእምነት የለችም። በእምነት ጆሮዋን ካልዳበሷት አትተኛም። ማን ይዳብሳታል? እናቷ ከባንክ ደክማ ትመጣለች። አባቷ አይችልበትም፤ የወንድ እጅ ጆሮ ይጎትታል። ስታስበው እንባዋ መጣ። ገና ያልተገዛ ስፒከር አባርሯት፣ ልጅቷን ሌላ ሰው አላስተኛ ብሎ፣ እሷ ተበላ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

ብልሃቱም የመጣላት እዚያው እያለቀሰች ነው። ዱባለ የሚጮኸውን ከመግዛቱ በፊት እሷ የማይጮኸውን ትገዛለች። አምጥታ ክፍሏ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ማታ ሲመጣ ስፒከር አለ፤ ሁለት ስፒከር ለመግዛት ደግሞ እብድ አይደለም። ሀብተሚካኤል ለመነጽር ብሎ የላከላት ብር አለ፤ ዓይን ይቆያል። በራሷ ተንኮል ደስ ብሏት ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

ከቤት መውጣት ለአገርነሽ ቀላል ሥራ አይደለም። ቴሌቪዥኑን ነቀለች፣ ፍሪጁን ነቀለች፣ ሥጋው እንዳይበላሽ ብላ ፍሪጁን መልሳ ሰካች። በሩን ቆልፋ ከመንገድ ተመልሳ የውሃ ማፍያውን አየች፤ ተነቅሏል፤ ራሷ ነበረች የነቀለችው። በኤሌክትሪክ እምነት የላትም። ሰማይ ካጉረመረመ ቤቱን በሙሉ ጨለማ ታደርገዋለች፣ በእምነትንም መሐል ወለል ላይ ታስቀምጣለች። ያን ቀን የዳሞታ ተራራ ጫፉ አይታይም፤ ደመናው እስከ ወገቡ ወርዷል። ባጃጅ ይዛ፣ ሾፌሩን መንገዱን ሙሉ «ቀስ በል ልጄ» እያለች፣ እሱም በዚያው ፍጥነት «እሺ እናቴ» እያላት፣ መናኸሪያው አካባቢ ወረደች። ዕቃ ቤቶቹ በር ላይ የሰው ቁመት ያላቸው ስፒከሮች ቆመው አንዱ መዝሙር፣ አንዱ ጭፈራ፣ አንዱ የሎተሪ ማስታወቂያ ይለቃሉ። ሦስቱ ተደባልቀው ደረቷ ውስጥ ይገቡባታል። በሩ ላይ ምንም የማይጮኽበትን አንድ ሱቅ መርጣ ገባች። ባለሱቋ ናዲያ ትባላለች፤ ሙሉ ሰውነት ያላት፣ ጥቁር ሻርፕ የጠመጠመች፣ ቀልደኛ ሴት ናት።

«ምን ልስጥዎት እማማ?»

«ስፒከር። ለሁለተኛ ክፍል የሚሆን።»

«ምን ዓይነቱን?»

«የማይጮኸውን።»

ናዲያ ፈገግ አለች። «ሁሉም ድምፁ ይቀነሳል እኮ።»

«የሚቀነስ ነገር ይጨመራል» አለች አገርነሽ። «እኔ የምፈልገው ቢጨምሩትም እምቢ የሚል ነው።»

«እዚህ ሱቅ ስቀመጥ ደካማውን ስጪኝ ያለኝ ሰው የለም» አለች ናዲያ። «ሰው ሁሉ የሚጣላኝ ጠንካራ ነው ብዬ ደካማ ስሰጠው ነው። እርስዎን ማስደሰት እንዴት ይቀላል።» ወንበር ሰጠቻትና ዕቃ ማውረድ ጀመረች። ጥቁሩ ትልቅ ጥንድ አሥራ አራት ሺህ ነው። መሐለኛው አሥር ሺህ፣ ጥቂት የሚቀነስለት። ከሁሉ ታች፣ አቧራ የጠጡ፣ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ትንንሽ የእንጨት ሳጥኖች አሉ፤ ስድስት ሺህ አምስት መቶ። ገመድ ሳይዘረጋ ከቴሌቪዥኑ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛሉ። አገርነሽ ሳጥኖቹን እንደ ዶሮ ብድግ እያደረገች መዘነቻቸው። መብረቅ ይጠሩ እንደሆነ ጠየቀች። ለሕፃን ጆሮ ጉዳት እንዳላቸው ጠየቀች። በስተመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ የሰው ወሬ አይሰማም አይደል?» አለች።

«ስፒከር ይናገራል እንጂ አይሰማም።»

እንግዲህ ከእኔ ጋር አንጋጭም፣ አለች አገርነሽ በሆዷ፤ እኔ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም።

ይህን ጊዜ ዝናቡ ያዘ። የቆርቆሮው ጣሪያ ይደበደብ ጀመር፣ መንገደኛው በየበረንዳው ተጠለለ፤ አንድ ሰው ጃኬቱን ራሱ ላይ ደፍቶ እየሮጠ ሱቁ ውስጥ ዘለቀ። ጃኬቱን ሲያወርደው ዱባለ ነው። አገርነሽ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ፊቷን ወደ ስፒከሮቹ አዞረች፤ ዘንዶ ያየች እንጂ የልጅ ልጇን አባት ያየች አትመስልም። ዱባለም ወደ ዝናቡ ሊመለስ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ ከዚያ አማትን አይቶ መሸሽም ነውር መሆኑ ሳይታወሰው አልቀረም፣ እግሩን መልሶ አኖረ። «እንደምን ዋሉ» አለ ለወለሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ለጥቁሩ ስፒከር።

«ለሁለተኛ ክፍል የሚሆን ስፒከር ፈልጌ ነበር» አለ ለናዲያ።

«ዛሬ ሶዶ በሙሉ ሁለተኛ ክፍል ሠራች እንዴ? እኚህም እናት እሱኑ ነው የሚሉት። ትንሹን ይዘዋል።»

ዱባለ ጥቂት አሰበ። «ትንሹ አይበቃቸውም በያቸው።»

ናዲያ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። «ትተዋወቃላችሁ?»

«የሚስቴ እናት ናቸው።»

«እዚሁ አጠገብዎ አይደሉ እንዴ? ራስዎ አይነግሯቸውም?»

እሱ ወለሉን አየ፣ እሷ ስፒከሩን። ናዲያ የገባት መሰለ፤ የእሷም ወንድም ከአማቱ ጋር እንዲሁ ነው። እጇን አጣጥፋ መሐላቸው ቆመች።

«ትልቁ ይሻላል በያቸው። ክፍሉን ጥርት አድርጎ ይሞላዋል።»

ክፍሉን ይሞላዋል። እኔ የት ልሆን ነው ታዲያ? አገርነሽ ቀኑን ሙሉ ስትጠራጠር የዋለችው ነገር በዓይኗ መጣ። «ሕፃን አለች በይው» አለች። «የሕፃን ጆሮ አለ በይው።»

«ሕፃኗ ያን ሰዓት ሳሎን ከእኛ ጋር ናት በያቸው።»

«ታዲያ ማን ሊሰማው ነው በይው።»

ዱባለ አንገቱን ደፋ። አገርነሽም የሚመለስ ነገር ቢኖረው ይመልስ ነበር ብላ ፈረደች። ነገ ጠዋት ተበላ። ልብሷ አንድ ፌስታል አይሞላም። ለበእምነት ምን እንደምትላት ታሰላስል ጀመር፤ ሀብተሚካኤል ታሟል ልበላት፣ የለም የደህና ሰው ሕመም መጥራት አልወድም፣ ላሟ ወልዳለች ብላት ይሻላል። እሷ በሐሳቧ ላሟን እያዋለደች ሳለ ናዲያ ትልቁን ጥቁር ስፒከር ከፈተችው። አንድ ጊዜ አጓራ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ዕቃዎች ተንቀጫቀጩ። ከዚያ ድርግም፣ መብራት ጠፋ።

«ጄኔሬተሩን ላስነሣ» ብላ ናዲያ በጓሮ በር ወጣች።

አማትና አማች ለብቻቸው ቀሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው፣ ቢያንስ አንድ ግድግዳ፣ መሐላቸው ነበር። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል። ዱባለ ጉሮሮውን ጠራረገ። አገርነሽ የነጠላዋን ጥለት ቆጠረች። እሱም ዝም ብሎ መቆሙ ጨንቆት መሆን አለበት፣ ሥራ የያዘ ለመምሰል ጎንበስ ብሎ የትንሹን ስፒከር የመብራት ገመድ አነሣና ወለሉ ላይ ወዳለው ማከፋፈያ፣ ወደ ዲቫይደሩ፣ እጁን ሰደደ። ዲቫይደሩ ክዳኑ ተገንጥሎ ሽቦው ወጥቷል። ከዱባለ እጅጌ የዝናብ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ዱባለ! ተው!»

መጮኽ ብቻ አይደለም፤ ብድግ ብላ እጁን በጥፊ መታችው። ገመዱ ወደቀ። አገርነሽ የራሷን መዳፍ አየችው። የመታው የእሷ መዳፍ ነው። ስሙንም የጠራው የእሷ አፍ ነው። ሞትን ስንት ጊዜ አስባዋለች፤ ከኀፍረቷ የተነሣ አሁን ቢመጣ ደህና ሰዓት መረጠልኝ ትለው ነበር።

ዱባለ የተመታ እጁን ይዞ ቀና አለ። ዓይኗን አየ። «መብራት እኮ የለም» አለ ቀስ ብሎ።

አገርነሽ መዳፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ተመልሶ ቢመጣስ?»

«እሱስ ልክ ነው» አለ፤ መሐረብ አውጥቶ እጆቹን አንድ በአንድ አደረቀ። ከንፈሩ ዳር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ነው፣ ዋጠው። ከዚያ አማቱ ልታነሣው ያልደፈረችውን ነገር እሱ አነሣው። «በራችን ከሥሩ አጭር ነው፣ እማማ። የእግርዎ ጣቶች ይታዩናል።»

«መቼ?»

«ማታ። መብራቱን ያጠፋሉ፤ ጣቶችዎ ግን በእኛ መብራት ይታያሉ። በእምነት ድራማው ሲጀምር ‹የእማማ እግር መጣ› ትላለች። ድምፁን ከፍ የማደርገው ለዚያ ነው። ግን ቆመው ነው፤ ጉልበትዎን ደግሞ ፀዲ ነግራኛለች። ሳሎን ይምጡ ልል ነበር፤ እንዴት ብዬ? እንዲሁ ክፍልዎ ውስጥ ቁጭ ብለው ይስሙ ብዬ ነው ስፒከሩ።»

«ፀደንያስ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም። ማየታችንን ካወቀች ታፍራለች፣ ተበላ ትሄድብኛለች ብላ ፈራች።»

አገርነሽ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ተሰድጄ፣ ተባርሬ፣ ላም አዋልጄ ጨርሻለሁ፣ አለች በሆዷ፤ ለካ ሰዎቹ ማታ ማታ ሁለት ነገር ነበር የሚያዩት፣ ድራማውንና የእኔን አውራ ጣት። ከዚያ በላይ ያሳፈራት ደግሞ ደስታዋ ነበር፤ እንባዋ እንዳይታይባት አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ትንሹ ይበቃል» አለች በመጨረሻ። «ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ጆሮዎስ ደህና መሆኑን አውቃለሁ» አለ ዱባለ።

ጄኔሬተሩ ተንደቅድቆ ተነሣ። ናዲያ እጇን እየጠረገች ስትገባ ሁለቱን ሲነጋገሩ አገኘቻቸውና በሩ ላይ ቆመች። «ሥራዬን ቀማችሁኝ?» አለች። ትንሹን ጥንድ ሞክራ ጠቀለለችላቸው። አገርነሽ ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዱባለ ከባጃጁ ፊት ከሾፌሩ ጎን ጠበብ ብሎ ተቀምጦ፣ ቤታቸው እስኪደርሱ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ለአንድ ቀን የተናገሩት በዝቶባቸዋል።

ማታ ዱባለ ሳጥኖቹን የበእምነት የትምህርት ቤት መጽሐፎች ባሉበት መደርደሪያ ላይ ደረደራቸው። አገርነሽ በፀደንያ በኩል «ከአልጋው ራቅ ይበል፣ ይወድቃል» አለች፤ ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። ራቅ አደረገው። ድራማው ሲጀምር እሷ በትራስ ተደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ፣ እንደ ባለሥልጣን ተጋድማ ነበር። ለስላሳዋ ሴት «ይቅር በለኝ» አለች፤ በግድግዳው በኩል፣ ከሳሎን። የዓይን ጥቅሻ ያህል ቆይታ ከመደርደሪያው ላይ ያችው ሴት «ይቅር በለኝ» አለች። ባልየው ከሳሎን «አልችልም» አለ፤ ተከትሎ ከመደርደሪያው «አልችልም»። ትንሹ ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ዘግይቶ ይናገራል። ሰዉ ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ይማጠናል፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ይከዳል፣ በር ሁለት ጊዜ ይዘጋል። አገርነሽ ታገሠች፤ ሰው ለእሷ ብሎ ያመጣው ዕቃ ነው። አንድ ጆሮዋን በትራስ ደፈነች። በቀረው ጆሮ ግን ሁለቱንም ሰማች። እግሮቿ ሳታዛቸው ወርደው በሩ ኋላ አደረሷት። እዚያ ቆማ ጣቶቿ ትዝ አሏትና ወደኋላ ሰበሰበቻቸው። የሰበሰበቻቸውን ጣቶች ትኩር ብላ አየቻቸው። አሁን ከማን ነው የምደብቃቸው? በሩን ከፈተችው።

«እማማ ዛሬ ሙሉዋን መጣች» አለች በእምነት።

ዱባለ ምንጣፉን እያየ ሶፋው ላይ ጠጋ አለ። እሷ ከሁሉ የራቀውን ወንበር መርጣ ፊቷን ሩብ ያህል አዙራ ተቀመጠች፤ በአንድ ዓይን ብቻ ልታይ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንገቷና ጆሮዋ በወርቅ የተጫነ፣ ቅንድቧን የሰቀለች ሴት ትስቃለች። ጥግ ላይ ሌላዋ፣ መልኳ የጠወለገ፣ ሕፃን አዝላ ትለምናለች። አፏን ስትከፍት ያ ጎርናና ድምፅ ወጣ። አገርነሽ ሁለተኛ ዓይኗንም አዞረች።

«ይህቺ ምን ሆና ነው ድሃ ድሃ የምትመስለው?»

ፀደንያ ወጥ ቤት ነበረች። ሌላ የሚመልስ ሰው አልነበረም። «ሚስትየዋ ናት እኮ» አለ ዱባለ። «የተበደለችው።»

«ወርቅ ያሰረችዋስ?»

«ባሏን የቀማቻት።»

«ለስላሳዋ?»

«እሷ።»

ስንት ሌሊት ነው የጸለይኩላት፣ አለች አገርነሽ በሆዷ። ትዳር አፍራሽ እንዲቀናት፣ በስሟ፣ ከራሴ ልጆች ፊት። «አይደለችም» አለች ጮኽ ብላ። «አንዴ ታሞ ያስታመመችውስ?»

«መርዝ አብልታው ነው የታመመው እማማ። ያን ዕለት አይታይዎትም ነበር፤ ብርጭቆው ውስጥ ስትጨምር አሳይተዋል።»

«አላምንህም፤ ድምፅዋ የበደለኛ አይደለም።»

«ድምፅዋን ይተዉት፤ እጇን ይዩ፣ ደግሞ አሁን...»

ፀደንያ የራት ትሪውን ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ በሩ ላይ ቀረች። እናቷ ሶፋው ጫፍ ድረስ ተጠግታለች። ባሏ በጣቱ ቴሌቪዥኑን ያመለክታል። ከባዶው ክፍል ትንሹ ስፒከር፣ የሚሰማው ሳይኖር፣ ሁሉን ነገር ዘግይቶ ይደግማል።

«ዱባለ፣ ዝም በል እስቲ» አለች አገርነሽ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ መስታወት ሳትነቅል። «አላሰማ አልከኝ።»